ድንበር የተመላለሰበት ሰው፤ የሮቤር ሹማን የሕይወት ታሪክ

ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። ፈረንሳይና ጀርመን ከ1870 እስከ 1945 ባለው ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ ሲዋጉ ሣሩ የነበረው በሁለቱ መካከል የሚኖረው የአልሳስና የሎሬን ሕዝብ ነው። ስለ ኤውሮፓ አንድነት ስንማር አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው የዝሆኖቹን ታሪክ ነው፤ ይኸውም ስለ ውሉ፣ ስለ ጉባኤውና ስለ ንግዱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ግን ከሣሩ መካከል ስለ ተነሣ አንድ ሰው መናገር ነው። ሰውየው ሮቤር ሹማን ይባላል። ሕዝቦች ሲዋሐዱ ደካማው ወገን ምን ያጣል? የጎደለበትንስ ማን ይተካለታል? ሹማን ይህን ጥያቄ የተማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ አገሩ ኑሮ ነውና ታሪኩ በእኛ በተማሪዎች ዘንድ ሊታወቅ የሚገባው ይመስለኛል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብ።

የሹማን አባት ዣን ፒየር ሹማን የተወለደው በሎሬን ውስጥ በሉክሳምቡርግ ጠረፍ ላይ በምትገኝ ኤቭራንዥ በምትባል መንደር ነው። በ1870 ጦርነት በፈረንሳይ ወገን ሆኖ ተዋጋ። ፈረንሳይ ድል ሆና በ1871 አልሳስንና የሎሬንን ከፊል ለጀርመን ስታስረክብ መንደሪቱም አብራ ተሰጠች፤ ሰውየውም የአባቱን ቤት ሳይለቅ ጀርመናዊ ተባለ። ከዚያ በኋላ ድንበሩን ተሻግሮ በሉክሳምቡርግ ተቀመጠና ኤውጄኒ ዱረን የምትባል የዚያ አገር ተወላጅ አገባ። አንድያ ልጃቸው ሮቤር ጁን 29 ቀን 1886 በሉክሳምቡርግ ከተማ ክላውዘን በሚባለው ሰፈር ተወለደ። እንግዲህ ልጁ በትውልድ ስፍራው ሉክሳምቡርጋዊ፣ በሕግ ጀርመናዊ፣ በአባቱ ትዝታ ደግሞ ፈረንሳዊ ነበር ማለት ነው። በቤት የሉክሳምቡርግን ቋንቋ ይናገራል፤ በትምህርት ቤት ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ ይማራል። የማን ወገን ነህ ተብሎ ቢጠየቅ በአንድ ቃል ለመመለስ የማይችል ልጅ ነበር።

አባቱ በ1900 ሞተ። ሮቤር በሉክሳምቡርግ የጀመረውን ትምህርት ሜትስ በተባለችው የሎሬን ከተማ ፈጽሞ በቦን፣ በሙኒክ፣ በበርሊንና በስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲዎች ሕግ አጠና፤ በ1910ም በዶክተርነት ተመረቀ። በሚቀጥለው ዓመት እናቱ በፈረስ ጋሪ አደጋ ሞተችበት። ሐዘኑ እጅግ ስለ ጠናበት ዓለምን ትቶ ቄስ ለመሆን ዐሰበ። ነገር ግን አንድ ወዳጁ በዓለም ውስጥ ሆኖም እግዚአብሔርን ለማገልገል እንደሚቻል አስረድቶ ስለ መለሰው በ1912 በሜትስ ከተማ የጥብቅና ቢሮ ከፈተ። ሚስት ሳያገባ፣ ጠዋት ጠዋት ቅዳሴ ሳያስታጉል እስከ ዕለተ ሞቱ ኖረ።

እዚህ ላይ በዚያ ዘመን የሎሬን ሠራተኛ ኑሮ ምን ይመስል እንደ ነበረ መናገር ያስፈልጋል። የሎሬን ምድር የብረት ማዕድንና የድንጋይ ከሰል የሞላበት ስለ ሆነ በጀርመን ግዛት ዘመን ብዙ ፋብሪካዎችና የማዕድን ጉድጓዶች ተከፍተውበት ነበር። የጀርመኑ መሪ ቢስማርክ በ1883 የበሽታን፣ በ1884 የሥራ ላይ አደጋን፣ በ1889 የእርጅናንና የአካል ጉዳትን ኢንሹራንስ በሕግ አቁሟል። ቢስማርክ ይህን ያደረገው ለድኻ አዝኖ ብቻ አልነበረም፤ በ1878 ባወጣው ሕግ ሶሻሊስቶችን እያሳደደ ሠራተኛውን ከእነርሱ ለመነጠልና ከመንግሥቱ ጋራ ለማሰር ዐስቦ ነው። ዐሳቡ ምንም ይሁን ምን፣ የሎሬኑ ቆፋሪ ቢታመም የሚታከምበት፣ ቢያረጅ የሚጦርበት ገንዘብ ነበረው። በዚያው ጊዜ ከድንበሩ ማዶ በፈረንሳይ አገር ሠራተኛን ሁሉ በበሽታ ጊዜ የሚረዳ አጠቃላይ የግዴታ ኢንሹራንስ አልነበረም።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ሹማን በጤንነቱ ምክንያት ለጦር ግንባር አይበቃም ስለ ተባለ በሜትስና ቡሌ በምትባል ከተማ በጽሕፈት ሥራ ብቻ አገለገለ። በ1918 ጀርመን ተሸነፈችና አልሳስና ሎሬን ወደ ፈረንሳይ ተመለሱ። ሕዝቡ በደስታ ተቀበለ። ነገር ግን ደስታው ገና ሳይበርድ የፈረንሳይ ሹማምንት የሰውን የዘር ሐረግ መመርመር ጀመሩ። ነዋሪው በአራት ክፍል ተመድቦ የመታወቂያ ወረቀት ተሰጠው፤ ወላጆቹ ከ1871 በፊት ፈረንሳዊ የነበሩ የመጀመሪያውን ማዕርግ ወረቀት ይዘው የጀርመን ገንዘባቸውን በተሻለ ዋጋ ሲመነዝሩ፣ ከጀርመን የመጡና የነርሱ ልጆች ግን የመጨረሻውን ወረቀት ተቀበሉ። ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ዕቃቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ወደ ራይን ወንዝ ማዶ ሄዱ። ከነርሱ መካከል በዚያው ምድር ተወልደው ያደጉ ብዙዎች ነበሩ። በአንድ ቤት ባልና ሚስት ልዩ ልዩ ወረቀት የያዙበት ጊዜ ነበር።

ሹማን በ1919 የሞዜል አውራጃ እንደራሴ ሆኖ ተመረጠና ፓሪስ ወደሚገኘው ምክር ቤት ገባ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሞልቶት ሳለ የፈረንሳይ ዜጋ ሆኖ መኖር የጀመረው ገና በዚያን ጊዜ ነው። ፈረንሳይኛው የጠረፍ ሰው ቃና ስላለው ሲናገር ከየት እንደ መጣ ወዲያውኑ ይታወቃል። አንደበተ ርቱዕ አልነበረም፤ ነገር ግን የሁለቱን አገሮች ሕግ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው በምክር ቤቱ ውስጥ እምብዛም ስላልነበረ ከባዱ ሥራ በእሱ ላይ ወደቀ።

ሥራውም ይህ ነበር። በፓሪስ ያሉት ፖለቲከኞች ብዙዎቹ ሪፑብሊኩ አንድና የማይከፈል ስለ ሆነ ሕጉም አንድ ብቻ መሆን አለበት ይሉ ነበር። እንዲህ ከሆነ ግን የሎሬኑ ቆፋሪ የእናት አገሩን ባንዲራ ሲያገኝ የበሽታና የእርጅና ዋስትናውን ሊያጣ ነው። ቤታቸው ጀርመንኛ የሚናገሩ ልጆች ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በፈረንሳይኛ እንዲማሩ ተደረገ። ፈረንሳይ በ1905 ቤተ ክርስቲያንን ከመንግሥት ለይታ ስለ ነበረ፣ ያን ጊዜ በጀርመን ግዛት የነበሩት አልሳስና ሎሬን ግን አሮጌውን ሥርዐት እንደ ያዙ ስለ ቆዩ በሃይማኖት ረገድም ጠብ ተነሣ። ሹማን ከባልደረቦቹ ጋራ ሆኖ ሕጎቹን አንድ በአንድ አስተያየ። በጁን 1 ቀን 1924 በወጣው ሕግ የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕግ በሦስቱ አውራጃዎች እንዲሠራ ሲደረግ ለሕዝቡ የሚጠቅመው የቀድሞው ሕግ በቦታው ቀረ፤ ከቀሩትም መካከል የሠራተኛው ኢንሹራንስ አንዱ ነው። በዚያው ወር የኤሪዮ መንግሥት የሃይማኖቱን ሥርዐት አጠፋለሁ ብሎ ቢነሣም የሕዝቡ ተቃውሞ ስለ በረታ ዐሳቡን ተወ። ፈረንሳይ ለሠራተኞቿ ሁሉ አጠቃላይ የኢንሹራንስ ሕግ ያወጣችው ከዚያ በኋላ፣ በ1928ና በ1930 ነው። እንግዲህ ታላቂቱ አገር ከታናሹ አውራጃ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር።

እኔ እንደማየው የሹማን የፖለቲካ ትምህርት የተፈጸመው በዚህ ጊዜ ነው። አንድ ሕዝብ ከሌላው ጋራ ሲቀላቀል ማንነቱንና እንጀራውን እንዲያጣ ከተገደደ አንድነቱ በወረቀት ላይ ብቻ እንደሚቀር አየ። ያለውን ይዞ የሌለውን ቢጨምሩለት ግን ራሱ ለአንድነቱ ዘብ እንደሚቆም ተረዳ። ከኋላ የሠራው ሁሉ ከዚህ የመነጨ ነው።

ሁለተኛው ጦርነት በ1939 ሲጀመር ከጠረፉ የተነሡ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ፈረንሳይ መካከለኛና ምዕራባዊ አውራጃዎች ተወሰዱ። በየሄዱበት መንደር ባለአገሩ ጀርመንኛ የመሰለ ቋንቋቸውን ሲሰማ እንደ ጠላት ይመለከታቸው ነበር። ሹማን በማርች 1940 የስደተኞች ጉዳይ ምክትል ሚኒስትር ሆኖ ለእነዚህ ሰዎች ማደሪያና ቀለብ ለማግኘት ይደክም ጀመር። ፈረንሳይ ወዲያው ተሸነፈች። ጁላይ 10 ቀን 1940 ምክር ቤቱ በቪሺ ተሰብስቦ ሙሉ ሥልጣን ለማርሻል ፔቴን ሲሰጥ ሹማን ድምፁን ከሰጡት 569 ሰዎች አንዱ ነበር፤ እምቢ ያሉት 80 ብቻ ናቸው። የሕይወት ታሪኩን የሚጽፍ ሰው ይህን መደበቅ አይገባውም። ከ1945 በፊት ስለ ሠራው ሁሉ የኋላ ኋላ በብርቱ የተወቀሰበት ይህ ነው፤ በዚህም ምክንያት ከጦርነቱ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ከመመረጥ ታግዶ ነበር።

ከቪሺ ወደ ሜትስ ተመለሰ። ጀርመኖች አገሩን እንደገና ከግዛታቸው ቀላቅለዋል፤ ፈረንሳይኛ ተከልክሏል፤ ሰው በገፍ ይባረራል። ጌስታፖዎች ሴፕቴምበር 14 ቀን 1940 ይዘው ለሰባት ወር ብቻውን በሜትስ እስር ቤት ዘጉበት። ከእነርሱ ጋራ ቢሠራ እንደሚለቁት ቢነግሩትም አልተቀበለም። በ1941 ኖይሽታት ወደምትባል የጀርመን ከተማ ተወስዶ በግዞት ተቀመጠ። በኦገስት 1942 አምልጦ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ተሻገረ፤ ጀርመኖች ያንንም ክፍል በያዙ ጊዜ ስሙን ለውጦ ከገዳም ወደ ገዳም እየተዘዋወረ ነጻነት እስኪመጣ ድረስ ተሸሸገ። አስተውሉ፤ ያሰሩት ሰዎች የተናገሩት ቋንቋ እሱ በዩኒቨርሲቲ ሕግ የተማረበትን ቋንቋ ነው። ቢሆንም በልቡ ጀርመኖችን ሁሉ በአንድነት አልኰነነም።

ከ1946 ጀምሮ የገንዘብ ሚኒስትር፣ ከኖቬምበር 1947 እስከ ጁላይ 1948 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ሥልጣን የያዘው አገሪቱ በሥራ ማቆም አድማ በምትናወጥበት ሰዓት ነው። የኮሙኒስት እንደራሴዎች በምክር ቤት ፊት ጀርመናዊ እያሉ ሰደቡት፤ ስድሳ ዓመት ከሞላው በኋላም የዜግነቱ ነገር ገና አልተረሳም ነበር። በግል ኑሮው ቁጥብ ነበር። በሚኒስቴሩ ውስጥ በየኮሪዶሩ እየዞረ ያለ ሥራ የሚበራውን መብራት ያጠፋ ነበር ይባላል።

በጁላይ 1948 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሲሆን ፊቱ የቆመው የጀርመን ጉዳይ ነው። ነገሩ በቀላሉ ሲነገር እንዲህ ነው። የሎሬን ምድር የብረት ማዕድን አለው፤ ያን ብረት ለማቅለጥ የሚፈለገው ጥሩ ከሰል ግን የሚገኘው በጀርመን በሩር ነው። ፈረንሳይ ሩርን ለዘለዓለም በሞግዚትነት ልትይዝ ትፈልጋለች፤ አሜሪካና እንግሊዝ ግን ጀርመን እንደገና እንድትሠራ ፈቅደዋል። የአሜሪካው ሚኒስትር ዲን አቺሰንም ፈረንሳይ አንድ ዐሳብ እንድታቀርብ ሹማንን ጠይቆት ነበር። ጀርመንን እንዳትነሣ መግፋት ከ1919 በኋላ ተሞክሮ ምን እንዳመጣ ሹማን ያውቃል።

በዚህ ጊዜ የፈረንሳይን የኢኮኖሚ ፕላን ይመራ የነበረው ዣን ሞኔ ከጥቂት ረዳቶቹ ጋራ አንድ ረቂቅ አዘጋጀ፤ የሁለቱን አገሮች ከሰልና ብረት ለሌሎችም አገሮች ክፍት በሆነ በአንድ የጋራ ባለሥልጣን ሥር ማድረግ ነው። ረቂቁን የሹማን የቅርብ ረዳት በርናር ክላፒዬ በፓሪስ ባቡር ጣቢያ ወደ ሎሬን ሊሄድ ለተሳፈረው ሚኒስትር ሰጠው። ሹማን ወረቀቱን ይዞ በሜትስ አጠገብ ሲ ሻዜል በምትባል መንደር በሚገኘው ቤቱ አነበበው፤ ሲመለስም በእጁ ተቀበለው። ዐሳቡ የሞኔ፣ ኃላፊነቱ ግን የሹማን ነው። ቢከሽፍ የሚወድቀው ሞኔ ሳይሆን እሱ ነበር።

ወደ ጀርመኑ መሪ ወደ ኮንራድ አደናወር በስውር መልእክት ልኮ መልሱን ካገኘ በኋላ ሜይ 9 ቀን 1950፣ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 1 ቀን 1942 በልደታ ዕለት፣ በፓሪስ ለጋዜጠኞች ዐዋጁን አነበበ። ዐዋጁ ጦርነትን በቁሳቁስም ጭምር እንዳይቻል ለማድረግ የታሰበ ነው፤ የሠራተኛውም ኑሮ በየአገሩ ዝቅ ብሎ ሳይሆን ከፍ ብሎ እንዲተካከል ይጠይቃል። ኤፕሪል 18 ቀን 1951 ፈረንሳይ፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ኢጣልያ፣ ቤልጅግ፣ ሆላንድና ሉክሳምቡርግ በፓሪስ ውሉን ፈረሙ። እንግሊዝ አልገባችም። ማኅበሩ በ1952 ሥራውን የጀመረው ሹማን በተወለደባት በሉክሳምቡርግ ከተማ ነው።

ስለዚህ ውል ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሠራተኛውን የሚመለከተው ክፍል ነው። የጋራ ገበያ ሲከፈት ደካማው የማዕድን ጉድጓድ እንደሚዘጋ ግልጽ ነበር። ስለዚህ ማኅበሩ ከከሰሉና ከብረቱ ምርት ላይ የራሱን ቀረጥ ያስከፍል ነበር፤ ከዚያም ገንዘብ ሥራው ለተቋረጠበት ሠራተኛ ሌላ ሥራ እስኪያገኝ መተዳደሪያ፣ አዲስ ሙያ ለመማርም መርጃ ይሰጥ ነበር። በማኅበሩ ብድር በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ የሠራተኛ ቤቶች ተሠሩ። ደመወዝ ቀንሶ በገበያ መወዳደርም በውሉ ተከለከለ። የአንድነቱን ዋጋ የሚከፍለው ቆፋሪው ብቻ እንዳይሆን የታሰበበት ነገር ነው። የ1924ቱን የሎሬን ሕግ ያስታወሰ ሰው ይህ ከየት እንደ መጣ አይጠፋውም።

ይሁን እንጂ የተሠራው ከታሰበው ያነሰ ነበር። ጡረታውና ሕክምናው እንደ ቀድሞው በየመንግሥቱ እጅ ቀረ። ኦገስት 8 ቀን 1956 በቤልጅግ አገር በማርሲኔል የከሰል ጉድጓድ በተነሣ እሳት 262 ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህም 136ቱ እንጀራ ፍለጋ የመጡ ኢጣልያኖች ነበሩ። ማኅበሩ ስለ ማዕድን ሥራ ደኅንነት ኮሚሲዮን ያቋቋመው ከዚህ በኋላ በ1957 ነው። ከሰሉ ድንበሩን ያለ ቀረጥ ሲሻገር የቆፋሪው ሕይወት ጥበቃ ግን ገና አልተሻገረም ነበር።

ከዚህም የከፋ ጉድለት ነበር፤ እሱም በእኛ በአፍሪካውያን በኩል ያለው ነው። የ1950ው ዐዋጅ የአፍሪካን ልማት ከኤውሮፓ ዋና ዋና ተግባሮች አንዱ አድርጎ ጠርቷል፤ አፍሪካውያንን ግን የጠየቀ አልነበረም። ቱኒዚያና ሞሮኮ በዚያን ጊዜ የሚጠበቁት በሹማን ሚኒስቴር ሥር ነው። በጁን 1950 ቱኒዚያ ወደ ነጻነት እንደምትመራ በይፋ ተናገረ፤ በዚያ የሠፈሩት ፈረንሳውያን በቍጣ ሲነሡበት ግን አፈገፈገ። በዲሴምበር 1951 ፈረንሳውያን ሰፋሪዎች በቱኒዚያ መንግሥት ውስጥ ድርሻ እንዲኖራቸው የሚጠይቀው ደብዳቤ የወጣው በእሱ ፊርማ ነው። በሚቀጥለው ወር ቡርጊባ ታሰረ፤ በማርች 1952 ደግሞ የቱኒዚያ ሚኒስትሮች ታሰሩ። ሥልጣኑን ከለቀቀ በኋላ በ1953 ባወጣው ጽሑፍ በቅኝ አገር የተሾሙት ገዢዎች ሚኒስትሩን ሳይጠይቁ እንደሚሠሩ አመነ። ማመኑ መልካም ነው፤ ግን ዘግይቷል። ለሎሬን ቆፋሪ ያወቀውን እውነት ለቱኒዚያ ገበሬ ሊያውቅ አልቻለም። በ1957 በሮም የተፈረመውም ውል ቅኝ አገሮችን ሕዝባቸው ሳይጠየቅ ከማኅበሩ ጋራ አያያዛቸው። የአፍሪካ፣ የካሪብና የፓሲፊክ መንግሥታት፣ ኢትዮጵያም ጭምር፣ በአንድነት ከኤውሮፓው ማኅበር ጋራ የተዋዋሉት ሹማን ከሞተ ከ11 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1975 በሎሜ ነው።

ሹማን በጃንዩዌሪ 1953 ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ወረደ። እሱ የደገፈውን የጋራ የኤውሮፓ ጦር ውል በ1954 የገዛ አገሩ ምክር ቤት ጣለው። የሳር ሕዝብም በ1955 የኤውሮፓ ግዛት ሁን ሲባል እምቢ ብሎ ወደ ጀርመን ገባ፤ ያለ ሕዝብ ፈቃድ ከላይ የሚሰፋ አንድነት እንደማይጸና ይህም አስተማረ። ከ1958 እስከ 1960 የስድስቱ አገሮች የጋራ ሸንጎ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ሲለቅም ሸንጎው የኤውሮፓ አባት ብሎ ሰየመው። ሴፕቴምበር 4 ቀን 1963 በሲ ሻዜል ቤቱ ሞተ። ዛሬ ዐፅሙ በቤቱ ፊት ለፊት ባለችው አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይገኛል።

የከሰልና የብረቱ ማኅበር የ50 ዓመት ዕድሜው አልቆ በ2002 ተዘጋ። ጉድጓዶቹም ተዘግተዋል። ማኅበሩ የወለደው የኤውሮፓ ኅብረት ግን ሰፍቷል፤ እንግሊዝ በ1973 ገብታ በ2020 ወጥታለች። የሕዝቡ ክርክርም ሹማን በወጣትነቱ ያየው ክርክር ነው፤ ሌላው ሲገባ የኔ ሥራ፣ የኔ ጡረታ፣ የኔ ቋንቋ ምን ይሆናል የሚል ነው። ይህን ጥያቄ የሚያነሣውን ሰው ሁሉ ጠባብ ብሎ መናቅ ስሕተት ነው። ሹማን አልናቀውም፤ ተቀምጦ ሕጉን አንቀጽ በአንቀጽ ጻፈለት እንጂ።

በሞዜል አውራጃ ከ1924 የተረፈው የበሽታ ኢንሹራንስ ዛሬም ይሠራል። የሹማን አባት መንደር ባለችበት ጠረፍም በየጠዋቱ ከመቶ ሺህ የሚበልጡ የፈረንሳይ ነዋሪዎች ለሥራ ወደ ሉክሳምቡርግ ይሻገራሉ፤ በማዶ የሠሩበት ዘመን ለጡረታቸው ይቈጠርላቸዋል። ማታ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የማን ወገን ነህ ብሎ ወረቀት የሚመድባቸው የለም። ዣን ፒየር ሹማን ከቤቱ ሳይወጣ አገሩ የተለወጠበት ስፍራ ይህ ነው።